እሱ ይቅደም

ውዳሴ ከጆጉ ውኃ ቀስ አድርጋ ታፈስሳለች። አባቷ አያ አዛናው ሁለት እጃቸውን ከሳፋው በላይ ዘርግተዋል። እጆቻቸው ግን አይተሻሹም። ውኃው በጣቶቻቸው መካከል እየሾለከ ሲወርድ ዝም ብለው ያዩታል።

«ይታጠቡ እንጅ አባየ።»

«እየታጠብሁ አይደል?» አሉ።

በፎጣ አደረቀችላቸውና ሳህኑን አቀረበች። የእናቷ ሣልስት የወጣው ትናንት ነው። ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን አልፈረሰም፤ ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል ዘግይተው የሰሙ ዘመዶች አሁንም እየመጡ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ። አባቷ ለሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከቀብሩ ወዲህ ከውኃ በቀር የቀመሱት የለም። ጎረቤታቸው እናኑ ትናንት በመዳፋቸው ያኖረችላቸውን ንፍሮ እንኳ፣ ውዳሴ ኋላ እጃቸውን ስትከፍት እንደ ተጨበጠ አገኘችው።

አሁንም እንጀራውን አዩት። አልነኩትም።

«ተያቸው የኔ ልጅ» አለች እናኑ በሹክሹክታ። «ሐዘን ጉሮሮ ይዘጋል። እሷን ቀብረው እንዴት ይዋጥላቸው?»

ወንድሟ ያረጋል ከደጅ ጠራት። ፍኖተ ሰላም የእህል መጋዘን አለው፤ በለቅሶም ቢሆን ስልኩ ከጆሮው አይወርድም።

«ነገ በጠዋት እንውጣ» አላት። «እስከ ፍኖተ ሰላም አብረን፤ ከዚያ አንች ወደ ቡሬ ትሳፈሪያለሽ።»

«አባየስ?»

«ከቤታቸው የት ይሄዳሉ? እናኑ እህል ውኃ ታቀርብላቸዋለች። ደግሞ ምን ሆኑ? ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው።»

ቡሬ የምታስተምራቸው ልጆች ፈተና ደርሶባቸዋል። «እሽ» ብላው ገባች፤ ከአባቷ ፊት ለፊትም ተቀመጠች።

ባለፈው ጥምቀት እዚሁ ተሰብስበው ነበር። እናቷ በለጠች ማዕዱ እንደ ቀረበ «እሱ ይቅደም» ብላ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባሏ ሰጠች። ሁለተኛውንም፣ ቀጥሎ ያለውንም።

«እማየ፣ ጫጉላው አላለቀም?» አለ ያረጋል።

«አንተን ምን ቸገረህ? ሚስትህ ካላጎረሰችህ በኔ ባል አትቅና።»

ቤቱ ሳቀ። አባቷም ሳቁ፤ ግን ከሁሉም ዘግይተው፣ መጀመሪያ የእናቷን ፊት አይተው ነበር።

ያንን ጉርሻ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽሮችን ሲመርቁ «እንደ አዛናውና እንደ በለጠች ያድርጋችሁ» እስከማለት ደርሰው ነበር። ሰው መጥቶ «አያ አዛናው፣ ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ነው?» ቢል ከጓዳ የምትመልሰው እሷ ናት፦ «ዋግ ነካክቶታል ይላል።»

«በለጠች እኮ የባሏን አፍ ወሰደችው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ክረምት ላይ የእናቷ ሳል ቢጠና ቡሬ ውዳሴ ዘንድ መጣች። ሐኪሙ ተኝታ እንድትታከም ነገራት።

«አባትሽ ብቻውን ነው» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

«ሕፃን ናቸው እንዴ?» አለቻት ውዳሴ።

እናቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ተመለሰች።

አሁን ውዳሴ አባቷን አየቻቸው። የሚያዩት ሳህኑን አይደለም። በቀኛቸው ያለውን ባዶ የመደብ ጫፍ ነው። ከንፈሮቻቸው በትንሹ ተከፍተዋል። እየጠበቁ ነው።

ተነሥታ ወደዚያው ጫፍ ሄደችና ተቀመጠች። ቆርሳ ጠቀለለች። እናቷ እንደምትለው «በሞቴ» ልትል አሰበች፤ ቃሉ አልወጣላትም። ጉርሻውን ወደ አፋቸው አቀረበችው።

ጎረሱ። አላምጠው ሳይጨርሱ አፋቸውን እንደገና ከፈቱ። ርቧቸው ነበር።

እናኑ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። «እኛ ፍቅር ነው ስንል» አለች።

«ፍቅርም ነው፣ እትየ እናኑ።»

ያረጋል በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑ?»

«የምታውቀው እማየ ነበረች» አለች ውዳሴ። ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች። «ነገ አልሄድም። አስፈቅጄ አርባዋ እስኪወጣ እኔ አለሁ። ከዚያ አንተ ትተካኛለህ። አብሯቸው የሚያድር ሰው እስክናገኝ ተራ እንገባለን።»

«እኔ ማጉረስ መች አውቅና ውዴ?»

«ና ተቀመጥ። እይ።»

መጥቶ ከእግሯ ሥር መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

አባታቸው ማላመጣቸውን አቆሙ። «በለጠችስ?» አሉ። «በላች?»

ያረጋል አንገቱን ደፋ። እናኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«‹እሱ ይቅደም› ብላለች» አለች ውዳሴ።

ራሳቸውን ነቀነቁና አፋቸውን ከፈቱ።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ያረጋል ጆጉን አንሥቶ አፈሰሰ። ውዳሴ የአባቷን እጆች በእጆቿ መካከል ይዛ ጣት በጣት አሸቻቸው። በፎጣ አደረቀችና በጉልበታቸው ላይ መለሰቻቸው። ያረጋል ጆጉን መደቡ ሥር አኖረው።