የሊሾ ሠሪው መቆሚያ

ሰፈርተኛው «ሣር ሰፊው» ይለኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ አጣርቼ አላውቅም። በየግቢው የተነጠፈ የፕላስቲክ ሣር ሲያልቅ፣ ሲላጥ፣ ውሻ ሲቦጭቀው የሚጠሩት እኔን ነው። የእግዜር ሣር ውሃ ካገኘ ራሱን ይጠግናል፤ የፕላስቲኩ ግን አንዴ ከተመለጠ ተመለጠ ነው፣ እንደ እኔ አናት።

አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ለአንድ ቦታ። ከግቢው በር ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ያለ፣ ሁለት እግር የሚያስቆም መላጣ ነው። አባቷ የሚቆሙበት። በጉልምስናቸው ሊሾ ሠሪ ነበሩ፤ የሲሚንቶ ወለል አለስልሰው ሲለቁት ፊት ያሳያል ይባልላቸው ነበር። አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት አልፏል፤ እሳቸው ግን ከገበያ ትመለሳለች ብለው ከጠዋት እስከ ማታ እዚያች ቦታ ላይ እየተወዛወዙ ይጠብቃሉ። ለምን አይቀመጡም ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እጇ ሙሉ ነው የምትመጣው፤ ማን ይከፍትላታል?» አሉኝ።

ልጅቱ ያንን መላጣ ማየት አቅቷታል። ጠዋት የቤቱን በር ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ታናሽ ወንድሟ አባታችንን መጦሪያ እናስገባ እያለ ይነዘንዛታል፤ እሷ ደግሞ እኔ እያለሁ አይሆንም ብላ ሥራዋን ትታ ቤት ቀርታለች። አንዴ እየሳቀች፣ በዚህ ቤት ሊጠገን የሚችለው ሣሩ ብቻ ነውና እሱን አደራ አለችኝ። ሳቋ አላማረኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ የጠራችኝ ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነበር። አዲስ ሣር ከተገዛ ቀለሙ ይጮሃል፤ ስለዚህ መጣፊያውን የምወስደው ከዚያው ግቢ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰው ከማያየው ጥግ ነው። ያን ቀን የቀረችው የመጨረሻዋ ቁራጭ ነበረች። ሣሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ በመዳፌ እየዳበስኩ ለየሁ፤ አንዱ ወደ በሩ ሌላው ወደ ቤቱ ከተኛ ጥገናው ከሩቅ ያስታውቃል። መላጣውን ቆርጬ አነሣሁ፣ ከሥር ማስቲሽ ቀባሁ፣ ቁራጯን አለበስኩት። መገጣጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ቦታቸው ሊመለሱ እግራቸውን አነሡ። ያለፉትን ሁለት ጊዜያት ሳይደርቅ ረግጠውብኝ ጠርዙ ተነሥቶ ነበር። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው አልሰሙኝም። ያን ቀን ግን የድሮ ሙያቸው ትዝ አለኝና፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ በሊሾ ሠሪ ቋንቋ አናገርኳቸው።

«አባባ፣ እርጥብ ነው። እስከ ነገ አይረገጥም።»

እግራቸው አየር ላይ ቀረ። የድሮው ባለሙያ ፊታቸው ላይ ተመለሰ። «እርጥብ ከሆነማ አይረገጥም» አሉ፤ ጎንበስ ብለው ጠርዙን አዩና እጅህ ይባረክ ብለው መረቁኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ያ በር ቀን ቀን ተቆልፎ አያውቅም ነበር፤ ሽማግሌው ከቆሙበት ንቅንቅ ስለማይሉ ማንም አልሰጋም። መቆሚያቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። የጥጉ ባለሱቅ ወዴት ነው ቢላቸው፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ መንገድ ላይ ልቀበላት ብለውት ወደ አውራ ጎዳናው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ሬሳ ክፍል ሳይቀር አብሬያት ዞርኩ። ወንድምየው «ብዬ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም።

በሃያኛው ቀን ጠራችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ሄድኩ፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። የጠየቀችኝ ግን ቆርጬ ያነሣሁትን መላጣ ቁራጭ ነው።

«ተመልሰው በሩን ቢከፍቱና ሁሉም አረንጓዴ ቢሆንባቸውሳ?» አለችኝ። «የሰው ግቢ መስሏቸው ይሄዳሉ።»

ቁራጩን ባነሣሁበት ዕለት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥዬው ነበር። ይህን ስነግራት ዕቃ ቤት ገብታ የአባቷን የሽቦ ብሩሽ ይዛልኝ መጣች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀውን ስጠግን ኖሬ፣ ያን ቀን ተንበርክኬ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረውን ሥራ በሽቦ ፋቅሁት። የፕላስቲክ ሣር ደግሞ ቶሎ አይሞትም። ክንዴ እስኪዝል፣ አረንጓዴው ብናኝ ሱሪዬን እስኪሞላው ፋቅሁ። እሷ ከላዬ ቆማ፣ የሚደገፉት በቀኝ እግራቸው ስለነበር በቀኝ በኩል ጨምርበት እያለች ትመራኛለች። እኔም እጨምራለሁ። በመጨረሻ ለሁለት እግር የሚበቃ መላጣ ወጣው። ግን የሳቸው አልነበረም፤ የሳቸው ለስላሳ ነበር፣ የኔ ጭረት ብቻ ነው።

«ይመስላል?» አለችኝ።

«ይመስላል» አልኳት።

ጫማዋን አወለቀችና ቦታው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ቀኝ እግሯ ላይ ደገፍ አለች። ዕቃዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቢያንስ ሲመጡ ተከፍቶ ይጠብቃቸው ብዬ በሩን እንዳለ ልተወው ስል ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ዝጋው፣ ወንድሜ። እኔ እከፍትላቸዋለሁ።»

ዘግቼው ሄድኩ።