አሳማሪው ያላሳመረው ፎቶ

ማክሰኞ የካቲት ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የኢንሹራንሷ ሠራተኛ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ሦስት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ፎቶዎቹን አየች፣ ከፊቷ የተቀመጠችውን ልብስ ሰፊ አየች፣ እንደገና ወደ ፎቶዎቹ ተመለሰች።

«ይሄ የእርስዎ ሆድ ነው?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የፎቶዎቹን ፖስታ ያመጣችው እንደታሸገ ነበር። የራሷን ሆድ በመስታወት ማየት ካቆመች ዓመት አልፏታል፤ በፎቶ ልታየው ምን ቁርጥ አድርጓት? አሁን አንገቷን አስግጋ ስታይ ግን ፎቶው ላይ ያለው ሆድ የሚያውቃት አልመሰላትም። እጥፉ አለ፤ ግን እንደተተኮሰ መጋረጃ ለስልሶ ወርዷል። ቁስል የለም። መቅላት የለም። በልጅነቷ የፈላ ውሃ የጣለባት ጠባሳ እንኳ ድራሹ ጠፍቷል።

«እውነቴን ነው፣ ከኔ ይሻላል» አለች ሠራተኛዋ ሳትስቅ። ቀጥላም ደንቡን አስረዳቻት። ኢንሹራንሱ ለውበት ተብሎ ለሚደረግ ቀዶ ጥገና አይከፍልም፤ የሚከፍለው የተንጠለጠለው ቆዳ በሽታ ማምጣቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የሐኪሙ ደብዳቤ ቁስል አለ ይላል፤ ፎቶው የለም ይላል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ውድቅ ከሆነ በኋላ የገባው ይግባኝ ደግሞ አርብ ይዘጋል።

ልብስ ሰፊዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ቀንሳለች። «ድቡልቡሌ» ሲላት የኖረው ሰፈር አፉን በእጁ ይዟል። ሥጋው ሲሄድ ግን ቆዳው አብሮ አልሄደም፤ እስከ ጭኗ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሰውን ቀሚስ ስታጠብ የኖረች ሴት የራሷን ማጥበብ አቃታት። ከእጥፉ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ይቆስላል። በምትሠራበት የደንብ ልብስ ፋብሪካ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ ሆዷን አንስታ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላት ትነሳለች። አለቃዋ ይህን አይቶ፣ ይግባኙ ካልሰመረላት ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደሚያዛውራት ነግሯታል። ሃያ ስድስት ዓመት መርፌ ስታስጋልብ የኖረች ሴት ካርቶን ልታሽግ! ነገሩን ስታስበው እንባዋ ይቀድማታል።

ፎቶዎቹን ያነሳት ባሏ ነው። ሰፈሩ «አሳማሪው» ይለዋል። ስቱዲዮው አንዲት ክፍል ናት፤ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ሁለት መብራት፣ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር። እዚያ ገብቶ አስቀያሚ ሆኖ የወጣ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ እሱ ባነሳቸው የመታወቂያ ፎቶ የተነሳ፣ የልጅዎን መታወቂያ ይዘው መጡ ተብለው ባንክ ቤት ግማሽ ቀን እንደቆሙ ይወራል።

ከኢንሹራንሱ ወጥታ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። አሳማሪው ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ የአንዲት ሙሽራ አገጭ እያቀጠነ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁስሌን የት አደረስከው?»

ዓይኑን አላነሳም። መጀመሪያ መብራቱ ነው አለ። ቀጥሎ ማተሚያው ነው አለ። የሚያመካኝበት ሦስተኛ ዕቃ ሲያጣ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«እጄ ነው» አለ። «ልተወው ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳየው ግን… የማያውቁሽ ሰዎች እንዲህ ሆነሽ ሊያዩሽ ነው። አንቺን እኮ ነው።»

መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችውን ስድብ ተወችው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን «አምሮብሻል» ብሏት የማያውቅ ሰው፣ ፍቅሩን የሚገልጽበት ቦታ አጥቶ ለኢንሹራንስ ገለጸው።

«እንደዚህ ካማርኩማ ሐኪሙ ምኑን ይቆርጠዋል?» አለችው። «በል ተነስና እንዳለሁ አንሳኝ።»

በሩን ዘጉ። ሸሚዟን ገልባ እጥፉን በሁለት እጇ አነሳች። ሠራተኛዋ መጠኑ ይታይ ብላ ስለነበር፣ የስፌት ሜትሯን ከጎኑ ዘርግታ በመርፌ ቁልፍ ከሸሚዟ ጋር አያያዘችው። አሳማሪው ካሜራውን ደቅኖ በልማዱ «አገጭሽን ቀና» አለ። አገጯ ፎቶው ውስጥ እንደማይገባ ስትነግረው ሁለቱም ሳቁ፤ ሆዷም አብሮ ስለሳቀ የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ።

ሁለተኛውን ከማንሳቱ በፊት ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«ያማል?» አላት።

ይህን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ነግራው አታውቅም። «ስቀመጥ» አለችው። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ አነሳት።

ሲጨርስ ሸሚዟን አስተካክላ ካሜራውን ከእጁ ተቀበለችው። «ተራህ ነው፤ አንተም ቅመሳት» ብላ ላብ እንዳጠመቀው፣ ፀጉሩ እንደተንጨባረረ አንድ ጊዜ አነሳችው። ከዚያም ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ ከኋላው ቆመች።

«ይቺን ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ…»

«ንክች እንዳታደርጋት።»

እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጭኑ ሥር ሸሸገው። ማተሚያውን የተጫነችው እሷ ናት።

አርብ ጠዋት ሠራተኛዋ አዲሶቹን ፎቶዎች ረዘም አድርጋ አየቻቸው። የበፊቶቹን ማን እንዳነሳቸው ጠየቀች፤ ባሌ አለቻት። እነዚህንስ? እሱው። ሠራተኛዋ ፋይሉ ላይ ማህተሟን መታች። ከዚያ ግራ ቀኟን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስቱዲዮው የት ነው?» አለች። መታወቂያዋን የምታሳድስበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። የተንጠለጠለውን ቆዳ ለማስወገድ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ ከእምብርት በላይ ያለውን ማጥበቅ ግን ለውበት ስለሆነ አይመለከተውም። «ጨርቁን ይቆርጡልኛል፣ መተኮሱ የራሴ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በቀዶ ጥገናው ከሆዷ የወጣው ቆዳ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ሆነ። አሳማሪው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ «ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ፤ እናትየዋም ደህና ናት» ይል ነበር። ሳቋ ስፌቷን እየሳበው ስላስቸገራት፣ ነርሷ ሰውየውን ወደ ግቢው አስወጣችው። ከሁለት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ጭኗ ላይ ከጨርቅ በቀር የምታስተኛው ነገር አልነበረም።

አሳማሪው በአራተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ በልብ ሕመም ሞተ። ሰው ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ ፎቶ አልነበረውም፤ የተገኘው ያ እሷ ያነሳችው ብቻ ነው። ያተመላት ሰው ከዓይኑ ሥር ያለውን እብጠት ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቃት። እንዳይነካው ነገረችው። በቀብሩ ላይ የቆመው ፎቶ ያ ነው።