ናፍታው ያደርሰናል

ናፊሳ ቀኝ እግሯን ከፊቷ ባለው የመኪና ወለል ላይ አጥብቃ ተጭናለች። እሷ በተቀመጠችበት በኩል ነዳጅ መስጫ የለም። ቢኖር ኖሮ ከሸዋ ሮቢት ከወጡ ጀምሮ እስከ ታች ትረግጠው ነበር። ባሏ አብዱልሀኪም እግሯን አየት አደረገና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እሱ የሚረግጠው በስሱ ነው።

እናቷ እትዬ ሰሊማ ማጀቴ ላይ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አርፈዋል። ወንድሟ ሙጂብ ደውሎ፣ «ዙህር እንደተሰገደ ትወጣለች። ሸሁ ጀናዛ አይቆይም ብለዋል፤ እንደምንም ድረሺ» ብሏታል። ናፊሳ የምትፈልገው መግነዣው ከፈን ሳይታሰር የእናቷን ፊት ማየት ብቻ ነው። በእነሱ ዘንድ ሴት ጀናዛ ተከትላ መቃብር አትሄድም። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ካልደረሰች መቼም አታያቸውም። ይህን አብዱልሀኪምም ያውቃል።

ችግሩ ናፍታ ነው። ከማደያዎቹ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የፒካፑ ጠቋሚም ቀዩን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ነገር ግን አብዱልሀኪምን በዚህ ነገር የሚበልጠው የለም። ሽንኩርትና ማሾ ሲያመላልስ በኖረባቸው ዓመታት፣ ሌላው ሾፌር የማያወጣውን መንገድ ከአንዲት ሊትር ማውጣት ተምሯል። ጓደኞቹ «ናፍታ አሽትቶ ነው የሚነዳ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱን ይወደዋል። ዛሬ ጠዋትም መርዶው ተሰምቶ ጎረቤት ሲላቀስ፣ እሱ መኪናው ይቅለል ብሎ የሽንኩርቱን ጆንያ አንድ በአንድ ሲያወርድ፣ ጎማዎቹን ንፋስ ሲያስሞላ ቆየ። ናፊሳ ሻሿን እንደተከናነበች በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ጀውሃን ሲያልፉ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳ ጀመር። ኤሲው ናፍታ ይበላል ብሎ ዘግቶታል። ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል፤ መኪናው ድምፁን አጥፍቶ ሲንሸራተት የናፊሳ ትንፋሽ ይሰማል። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፋቸው። ናፊሳ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ርገጠው እባክህ» አለች።

«ብረግጠው መንገድ ላይ እንቀራለን።»

«እንቅር። ሌላ መኪና እለምናለሁ፤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ናፊሳ፣ ናፍታው ያደርሰናል። እመኚኝ።»

አመነችው። ከተጋቡ ጀምሮ ስታምነው ኖራለች፤ በመኪና ነገር ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።

ሰንበቴ ሲደርሱ አንዲት ሴትዮ ከመንገዱ ዳር ናፍታ በሃይላንድ ሞልታ ደርድራለች። ናፊሳ ክንዱን ያዘች። «አቁም! ግዛላት!» አብዱልሀኪም ቀዝቀዝ አደረገና በመስኮቱ አየት አደረገ። የፈሳሹ ቀለም ሳሳበት። «ላምባ የገባበት ነው። ባለፈው ፖምፓውን ያቃጠለብኝ እንዲህ ያለው ነው» አለና አለፈ። ሴትዮዋ ከኋላ እየጮኸች ዋጋ ቀነሰችለት። ናፊሳ ክንዱን ለቀቀች፤ ከዚያ በኋላ አልነካችውም።

አጣዬን እንዳለፉ ስልኳ ጮኸ። የሙጂብ ድምፅ ለአብዱልሀኪምም ይሰማል።

«የት ደረሳችሁ?»

«አጣዬን አለፍን።»

«የዙህር አዛን ብሏል እኮ፣ እህቴ።»

ናፊሳ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ባሏን አየችው። አብዱልሀኪም እግሩ ከበደው። ልርገጠው አለ በሆዱ፤ ወዲያው ደግሞ ከፊት ያለው ዳገት ትዝ አለው። ዳገቱ ላይ ብንቆምስ? እንደ ልማዱ በስሱ ረገጠ። እንደዚያው ሄዱ።

ማጀቴ መግቢያ ላይ ወንዶች መንገዱን ሲያቋርጡ አዩ። ቃሬዛው በትከሻ ላይ ነው። የሚቀባበሉት እየተሻሙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይራመዳሉ። ናፊሳ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች። ሙጂብ አያትና አንገቱን ደፋ።

«ጠበቅንሽ» አለ። «ሸሁን ለመንኳቸው። ካሁን አሁን ደረሰች ብዬ በር ላይ አቆየኋት። ገና አሁን ነው የወጣነው።»

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ሰብር አድርጊ፤ ቻይው። ከዚህ ወዲያ አትምጪ» አሏት። ናፊሳ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ነጩ ጨርቅ በትከሻዎች መሀል ከፍ ዝቅ እያለ አለፈ።

አብዱልሀኪም ሞተሩን ሲያጠፋ ዓይኑ ጠቋሚው ላይ አረፈ። ቀዩን ገና አልነካም። እስከዚህ አድርሷቸው፣ ረግጦ ቢነዳ ኖሮ ያን አውቶቡስ የሚያስቀድም ናፍታ ተርፏል። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት በራሱ አፍሮ አያውቅም። ወርዶ ከሚስቱ ጎን ቆመ።

«ሂድ» አለችው ሳታየው። «አንተ ወንድ ነህ። ሂድና ተሸከማት።»

ሮጦ ደረሰና ከቃሬዛው ሥር ገባ። መቃብሩ ድረስ ቢለምኑትም ለሌላ አልሰጥም አለ።

ሲመለስ እጁ አፈር ነበር። ናፊሳ ሊያጽናኗት የመጡትን ሴቶች ወደ ለቅሶ ቤቱ አስቀድማ ከመኪናው ጎን ብቻዋን ቆማለች። ፊቷ ደርቋል።

«በየትኛው ትከሻህ ነው የተሸከምካት?» አለችው።

በእጁ ቀኙን ነካ።

«ከበደችህ?»

«አልከበደችኝም።»

ናፊሳ ጠጋ አለች። የምትመታው መስሎት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሷ ግን ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ቀጥሎ ጉንጯን፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን። ሸሚዙ አስከሬኑ የተቀባውን ካፉር ይሸታል። ሽታውን ደጋግማ ወደ ውስጥ ሳበችው። እጁን አንስቶ ሊያቅፋት ሲል ገላዋ ሸሸው።

«አትንካኝ» አለች። ፊቷን ግን አላነሳችም። «ዝም ብለህ ቁም።»

ቆመ።