የጫካው አለሁ ባይ

ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ ሁለት ዓይነት «አለሁ» ነበር። ይህን ለተገኝ የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም በዚያን ጊዜው ጥጋቡ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ተገኝ ጣውላ ሰንጣቂ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ፣ እሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ሲስቅ ከገበያው ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ከባልደረባው ከዘሩ ጋር ባለሁለት እጀታውን መጋዝ ተሸክመው ደጋውን ይዞራሉ። ትልልቁን ዝግባ ሲገዘግዙ ግንዱ ከመስፋቱ የተነሣ አንዱ ሌላውን አያየውም። ስለዚህ አረፍ ብለው እንደገና ሲጀምሩ ተገኝ «አለህ?» ይላል፤ ዘሩ ከግንዱ ወዲያ «አለሁ» ይላል፤ መጋዙም ይሳባል።

የአገሬው የአሪ ባለቀፎዎች ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ዛፉ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ሊነካ የመጣ ሰው አስቀድሞ ቀና ብሎ «አለህ?» ይላል። ከላይ «አለሁ» ከተባለ እጁን ይሰበስባል፤ አለቀ። ለመጋዝ ሰዎች «አለሁ» ማለት ሳብ ነው፤ ለቀፎ ሰዎች አቁም።

ጉም የወረደ ዕለት ነበር። ኤርጎ የሚባል ባለቀፎ ዝግባው ላይ ወጥቶ ንቦቹን ያጥናል። የመጋዙን ድምፅ ሰምቶ ደንግጦ ሊጮህ ሲል፣ መጋዙ ቆመና ከታች «አለህ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው ብሎ ደስ ሳይለው አልቀረም። «አለሁ!» አለ። ተገኝ ዘሩ የመለሰ መስሎት የቀረውን ሳበ፤ ዝግባው ኤርጎን ይዞ ወደቀ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ስሕተት መሆኑ ታወቀ፤ እርቅ ወረደ። የኤርጎ ሚስት ቦሼ ሳትቀር ከእርቁ ማዕድ ቀመሰች። ግን ምን ያደርጋል፤ ሽማግሌ ሰውን ከሰው እንጂ ሰውን ከጆሮው አያስታርቅም። ከዚያ ወዲህ ተገኝ የትኛውም ዛፍ ሥር ቆሞ «አለህ?» ባለ ቁጥር ሁለት መልስ ይሰማ ጀመር፤ አንዱ ከዘሩ፣ አንዱ ከላይ። የላይኛው ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነው። ሥራውን ያስጠላውም ይኸው ደስታ ነበር። ሳቁ ነጠፈ፤ መንገድ ላይ ሰው ሲጠራው እንኳ ዞር በማለት ፈንታ ቀና ይል ጀመር። በመጨረሻ መጋዙን ሰቅሎ ከተማ ውስጥ አግዳሚ ወንበር መሥራት ያዘ።

ወሬው ደጋውን አዳረሰ። ሽማግሌዎቹም ብልሆች ናቸውና «ኤርጎ እያለ እዚያ ጫካ ብረት አይገባም» ብለው ወሰኑ። ማር መቁረጥና ደረቅ እንጨት መልቀም ብቻ ተፈቀደ። ከጫካው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ በጋውን ሙሉ ሰውንም ከብቱንም እንሰቱንም አጠጣ፤ ሌላ ውኃ በአካባቢው የለም። በወጉ ባለቀፎ ሲሞት ሚስቱ ጫካው ዳር ቆማ በስሙ ትጠራውና የቀሩትን ቀፎዎቹን ታስወርዳለች፤ ያን ጊዜ ነፍሱ ወደ ቤቱ ትገባለች ይባላል። ቦሼ ግን እምቢ አለች። «እዛ ይቆይ፤ ሥራ አለው» አለች።

ከዚያ የመንደር ምሥረታው ዓመት መጣ። የተበተነው ገበሬ አንድ ሜዳ ላይ ይሰብሰብ ተባለ፤ ለቤቱም ለትምህርት ቤቱም ጣውላ ተፈለገ። ጓድ ዓባይነህ የሚባለው ካድሬ ጫካውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆች ዝናብ እየወረደባቸው ሲማሩ አይቶ ያዘነ ነው። ስለ ኤርጎ ሲነግሩት ግን በሳቅ ፈረሰ።

«እንግዲያውስ ሟቹን ራሱን በጉባኤ እንጠይቀዋ!» አለ። «ተገኝ ይገዘግዛል። ኤርጎ ከመለሰለት ጫካውን እተወዋለሁ። ካልመለሰ ከነገ ጀምሮ ይቆረጣል። ምስክሩ ራሱ ተገኝ ነው።»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ብለው አንድ ሽማግሌ አጉረመረሙ። እምቢ ማለት ግን የማይቻልበት ዘመን ነበር።

በማግስቱ ሕዝቡ ጫካው ውስጥ ተሰበሰበ። ተገኝና ዘሩ አንድ አሮጌ ዝግባ ሥር ተንበረከኩ። ተገኝ መጋዙን ግንዱ ላይ ከማሳረፉ በፊት ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ዘሩ።

ተገኝ ትከሻውን አሸማቆ የላዩን ጠበቀ። የለም። ትንሽ ሳቡና ቆሙ። «አለህ?» አለ እንደገና። ዘሩ ብቻ መለሰ። ከላይ ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማም።

ተፈታሁ አለ በልቡ። እንባው መጣ። ስንት ጊዜ የለመነው ዝምታ ነው! ቀና ሲል ግን ቦሼን አያት፤ ሰው ሁሉ መጋዙን ሲያይ እሷ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላለች። ያን ጊዜ ነው ኤርጎ የሞተ መሆኑ በእርግጥ የገባው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለካ የሆነ ቦታ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ደስ ብሎት ተቀምጦ ነበር። አሁን የለም። ነገ ደግሞ ዛፉም ምንጩም አይኖሩም።

መጋዙን ወርውሮ ተነሣ። «መለሰ!» ብሎ ጮኸ። «በእግዚአብሔር፣ መለሰ!»

ዘሩ ምንም አልሰማም። ግን የጓደኛውን ፊት አየና «እኔም ሰምቻለሁ!» ብሎ እጀታውን ለቀቀ። ሕዝቡ ተበተነ። ጓድ ዓባይነህ ቢቆጣም ቢለምንም ያን መጋዝ የሚያነሣ አላገኘ፤ በመጨረሻ እየተራገመ ከታች ካለው ባሕር ዛፍ ይቆረጥ አለ።

ተገኝ ምንጩ ዘንድ ፊቱን ሲታጠብ ቦሼ እንስራዋን ይዛ መጣች።

«እትዬ ቦሼ፣ አልመለሰም» አላት። «ዋሸሁ።»

«አውቃለሁ። ትናንት ጠራሁት። ቀፎውን ወንድሙ አወረደ። አሁን ቤቱ ገብቷል።»

ተገኝ መታጠቡን ትቶ ዞረ። «ዛሬ እንደሚጠየቅ እያወቅሽ? እውነቱን ብናገርስ ኖሮ?»

«ጫካው ይሞት ነበር። እኛም እንደሱ።» እንስራዋን ውኃው ውስጥ ነከረች። «ባሌ ሌባ ነው? ሰው ፊት አቁመው ይጠይቁታል? ደክሞታል። ሞቶም ሥራ? ከእንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ይጠብቅ።»

«ማን?»

«አንተ ስምህ ማን ነው?»

እናቱ ልጆች ሲወለዱ እየሞቱባት ስትቸገር፣ ይህስ ይኑር፣ ይገኝ ብላ ያወጣችለት ስም ነው።

ቦሼ ከውኃው ቀና ብላ፣ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ጫካው ዞራ ተጣራች።

«አለህ?»

ተገኝ እንደ ልማዱ የላዩን ጠበቀ። ማንም አልመለሰም። ቦሼ ግን መልስ ሳታገኝ የምትሄድ አትመስልም፤ ቆማ ትጠብቃለች።

«አለሁ» አለ ተገኝ።

ድምፁ ከራሱ አፍ ሳይሆን ከላይ፣ ከቅርንጫፎቹ መካከል የወረደ መሰለው። ደስ ያለው ሰው ድምፅ ግን አልነበረም።