የታሸገው ምስክር

ተረፈች የወለደቻቸው ሁለት ወንዶች፣ አንዱ በሦስት አንዱ በአምስት ዓመቱ፣ ሳንባቸውን ታመው ሲያልቁ፣ አማቷ እትዬ አትክልት በሰበታ ገበያ ስም አወጡላት፤ «ወንድ በሊታ» አሏት። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የቀራት ተድላ ብቻ ነበር፤ ሰባት ዓመቱ፣ ከጆሮው መግል ከደረቱ ሳል የማይለየው። ባሏ ወንዳፍራሽ፣ የወረዳው ግዛት ጸሐፊ፣ ሊፈታት ቆርጧል። መፈታቱን አልፈራችም። እንቅልፍ የነሳት እሱና እናቱ ልጁን አስቀርተው በጠበል ብቻ ሊያኖሩት ማሰባቸው ነው። መርፌውን በየወሩ ካልተወጋ አይከርምም።

መርፌውን ያገኘችው አዲስ አበባ ነው። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ተድላን ሁለት ጊዜ ከተበው፤ ሁለት ጊዜም ደሙን ቀድቶ መረመረ። ስለ ወንድሞቿም ጠየቃት፤ በልጅነታቸው መሞታቸውን ነገረችው፤ የጠየቃት ሊያጽናናት መስሏት ነበር። ከዚያ በሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ በድሬሰሩ አፍ፣ እንዲህ አላት፦

«የሌላ ልጅ ደም ሲከተብ በሽታውን ለይቶ መከላከያ ያበጃል። የዚህ ልጅ ደም አያበጅም፤ ሺህ ጊዜ ብንከትበው ያው ነው። ከሌላ ሰው ደም የወጣውን መከላከያ እንወጋዋለን። ቡዳ አይደለም፤ እርግማን አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም።»

«ይህን ጻፉልኝ» አለች።

ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ በፖስታ አሸጉላት። ለማንም አላስነበበችም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሽማግሌ ፊት ካልተከፈተ ምስክርነቱ ይረክሳል ብላ፣ ሦስት ሳምንት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከወንዳፍራሽ ግቢ ተቀመጡ። የዓለም ገናው ኦቦ ነገሳ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ከመካከላችን ፊደል የቆጠረው ባልየው ብቻ ነው። እንግዲህ ሳትጨምር ሳትቀንስ አንብብ።»

ወንዳፍራሽ መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ኋላ ድምፁ እየጠራ አነበበ። «…በሽታው ከዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በእናት በኩል ወደ ወንዶች ልጆች ይተላለፋል። የእናቲቱ ወንድሞች በልጅነታቸው መሞታቸውም ይህንኑ ያስረዳል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ እትዬ አትክልት። «ፈረንጁም አለው፤ ያውም በማኅተም!»

«የማንም ጥፋት አይደለም ይላል እኮ!» አለች ተረፈች።

«ይላል፣ ልጄ፤ ሰምተናል» አሉ ኦቦ ነገሳ። «እኛም ጥፋተኛ አላልንሽም። ግን ዘር የሚሻ ሰው ምን ይበል?» ወደ ወንዳፍራሽ ዞሩ። «ልጁንስ ታስቀራለህ?»

ወንዳፍራሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚያስለውን ልጁን አየት አደረገው።

«ከእናቱ ወገን ከሆነ… ከእናቱ ይሁን።»

የመጣችው ይህን ልትለምን ነበር፤ ሳትለምን ተሰጣት። ወረቀቱን ሲመልስላት አልተቀበለችውም።

«ያዘው። ለምታገባት አንብብላት፤ ካንተ አለመሆኑን በማኅተም ትወቅ።»

የተድላን እጅ ይዛ ወደ ጅማው መንገድ ወጣች። ከአጥሩ ሳትርቅ፣ እትዬ አትክልት ልጁ የተቀመጠበትን በርጩማ በውሃ እንዲለቀለቅ ሲያዙ ሰማች።