የአባቷ ሞክሼ

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ የሚገባበት አይታወቅምና» የሚለውን ተረት የማያውቅ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የለም። የመንገድ ባለሙያዋም ታውቀዋለች፤ በስብሰባ ላይ ሁለት ሦስቴ ተርታዋለች። ግን እሷ ዕድሜዋን የፈጀችው ጉድጓድ ስትደፍን ነው። ጉድጓድ የሚደፍን ሰው ደግሞ ይህ ተረት እኔን ይመለከተኛል ብሎ አይጠረጥርም።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዛ የምክር ቤቱን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች። ሐሳቡም የከተማውን መሃል አቋርጦ ዳገት የሚወጣውን ጠባብ መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት መልቀቅ ነበር። ራሷ የምትኖረው ዳገቱ ወገብ ላይ ስለሆነ ጡሩምባውንም ጭሱንም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መስኮት ከፍቶ መተኛት ቀርቶ መስኮት ዘግቶ ማውራት የማይቻልበት ሰፈር ነበር። ባልና ሚስት እንኳ ሲጣሉ አውቶቡስ እስኪያልፍ ተራ ይጠብቁ ነበር።

ምክር ቤቱ መጀመሪያ ሳቀባት፤ ቀጥሎ ተሰላቸባት፤ በመጨረሻ እንገላገላት ብሎ አጸደቀላት። ከመንገዱ አናትና ግርጌ የብረት ምሰሶ ተተከለ። ግርጌው ላይ ማገጃና ጠባቂ ያለው ኬላ ቆመ። የብስክሌት መስመር ተቀባ፤ ዛፍ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። መራመድ ለማይችሉ ሰዎች በባትሪ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ እንደምትመጣ በዕቅዱ ሠላሳ አንደኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይላል። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። እስከዚያው መራመድ የማይችል ሰው የሐኪም ደብዳቤ አምጥቶ የይለፍ ወረቀት ያወጣል፤ ታክሲ ደጁ ድረስ ይገባለታል።

አንቀጽ ሰባት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከእሷ በፊት በቦታዋ የነበረው ባለሙያ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ያድል የነበረው «ዘመድ ከዘመዱ» እያለ ነበር፤ የሚስቱ አክስት መኪና ሳይኖራት ማቆሚያ ነበራት። ይህ እንዳይደገም «ለማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የቅርብ ዘመድ በማናቸውም ምክንያት የይለፍ ወረቀት አይሰጥም» ብላ ጻፈች። «በማናቸውም ምክንያት» የምትለዋን የጨመረችው ሲነበብ ጠንከር እንዲል ብላ ነው። ምክር ቤቱ አጨበጨበ፤ ጋዜጣው አሞገሳት፤ ቢሮ ውስጥም ስሟ ቀርቶ «አንቀጽ ሰባት» ተባለች። ደስ አላት።

በመጀመሪያው ወር የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ቢሮዋ መጣ። እሱም የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ዳገቱ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ እናትየው ከአልጋ ወደ ወንበር እንኳ በሰው ድጋፍ ነው የሚሄዱት። አዳምጣው ስታበቃ አንቀጹን አነበበችለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ሁለት ወር እናቱን በጀርባው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ሰፈሩን ለቆ ሄደ። አዝናለታለች፤ ሕግ ነው ብላም አልፋዋለች።

በሦስተኛው ወር የራሷ አባት መጣ።

አባቷ በሌላ ከተማ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ስኳር በሽታው መጀመሪያ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደበት፤ ቀጥሎ ኩላሊቶቹን አደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ካላገኘ አይኖርም። እጥበቱ ያለው እሷ ከተማ ነው፤ ከእሷ ሌላ ልጅም የለውም። ስለዚህ ልጁ ቤት ገባ፤ የት ይግባ? ሌላ ቤት ፈልጋ አጥታለች፤ መኪና የሚደርስበት ምድር ቤት ሁሉ ሱቅ ሆኗል፤ ፎቁ ደግሞ አሳንሰር የለውም። ሥራዋን ብትለቅ አንቀጽ ሰባት አይመለከታትም ነበር። ግን የአባቷን ሕክምና የሚሸፍነው የማዘጋጃ ቤቱ የሠራተኞች መድን ነው፤ ሥራው ከሄደ እጥበቱም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ገፋችው። ከቤቷ እስከ ኬላው አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ ለዕቅዱ ብላ ራሷ ለክታዋለች። ሲወርዱ ተሽከርካሪ ወንበሩ ከእጇ ሊያመልጥ ይታገላታል። ሲመለሱ ደግሞ፣ ከእጥበት የወጣ ሰው እንደ እርጥብ ጨርቅ በሚሆንበት ሰዓት፣ ዳገቱ አያልቅም። አባቷ እንዳይከፋት ይቀልዳል፤ በየአግዳሚ ወንበሩ ፊት ሲደርሱ እንደ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ይላታል። እስካሁን ማንም ምንሽ ናቸው ብሎ አልጠየቃትም፤ ሽማግሌ የሚገፋ ሰው ደግ ሰው ነው ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ ሲመለሱ፣ ገና ኬላውን አለፍ እንዳሉ እጇን አዳለጣት። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንደረደረ። እየጮኸች ተከተለችው፤ ሳትደርስበት ከብረት ምሰሶው ጋር ተላትሞ ቆመ። ደርሳ ስታየው አባቷ ቆቡን እያስተካከለ ነበር።

«ምሰሶሽ ጥሩ ነው» አላት፤ «መኪናም አባትም ያቆማል።»

እሱ ሳቀ። እሷ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ዳገቱን እንደገና መግፋት ጀመረች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ዝናቡ አላባራም፤ ፈርታ ሳትወስደው ቀረች። በማግስቱ ፊቱ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሙ ሳይደባብቅ ነገራት፤ ሌላ ቀጠሮ ደግሞ ካመለጠው ለሕይወቱ ዋስ አይሆንም።

አንቀጹን ማሻሻል ይቻል ይሆናል፤ ግን ደንብ የሚሻሻለው በዓመት አንዴ ነው፤ የዘንድሮው ጉባኤ ደግሞ አልፏል። ባያልፍስ ኖሮ ምን ብላ ልትቆም? ለቆጣሪ አንባቢው እናት የዘጋሁትን ለአባቴ ክፈቱልኝ ልትል? ይህን ስታስበው የሰውየው የተደፋ አንገት ይመጣባትና ታፍራለች።

መላውን ያመጣው አባቷ ነው። ተከራይ ነው በዪ አላት፤ ባዶ ክፍል ያላት ሴት ለአንድ ሽማግሌ ብታከራይ ማን ምን ይላታል? ተቆጣች። አባት አይካድም አለችው። እሱ ግን ነገሩን አቅልሎ ነው ያየው።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ሳሳፍር ዝምድና ጠይቄ አላውቅም» አላት። «ዋናው መድረሱ ነው።»

ቅጹ ላይ «ከነዋሪው ጋር ያለው ግንኙነት» በሚለው መስመር በገዛ እጇ «ተከራይ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን የምትቀበለው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤ አንብባ ሳትጨርስ ስለማትመታ ቢሮው «ማኅተም» ይላታል። ማኅተም የአመልካቹን ስም በጣቷ ይዛ ቀና አለች።

«ያባትሽ ስም ነው እኮ» አለች።

ይህን አላሰበችበትም። አራት ዓመት ደንብ ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ በየደብዳቤው ግርጌ ከስሟ ቀጥላ የምትጽፈው ስም የእሱ መሆኑን ረስታዋለች።

«አዎ» አለች። «ሞክሼ ናቸው።»

ማኅተም ቅጹን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበች። ያወቀችው ነገር ካለም ሆዴ ይፍጀው አለች መሰል፣ መታችበት። ወረቀቱን ስትሰጣትም፣ አባትሽስ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀቻት። ደህና ናቸው፣ እዚያው አገራቸው ናቸው ብላ መለሰችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመድን ክፍሉ መዝገብ፣ አባቷ ነው፤ አንደኛ ፎቅ፣ በይለፍ ወረቀቱ መዝገብ፣ ተከራይዋ ነው። የሁለቱ ፎቆች ሰዎች ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ትወጣለች።

ታክሲው ደጅ ድረስ ገባ። አባቷ እጥበቱን በጊዜው አገኘ፤ ፊቱም ተመለሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ነፍስ ነው፤ ለዚህ ሲባል የተዋሸን ውሸት እኔም ልፈርድበት አልደፍርም።

መከራው የመጣው ከኬላው ነው። ጠባቂው ወሬ የሚወድ ደግ ሰው ነው፤ ማገጃውን ከማንሣቱ በፊት በታክሲው መስኮት አንገቱን አስገብቶ አባባ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤቱስ እንዴት ነው፣ አከራይዎስ እንዴት ይዛዎታለች ሳይል አያሳልፍም። የመጀመሪያው ቀን አባቷ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጁ ዞር ብሎ፣ እሳቸውን ይጠይቋቸው፣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት አለ። ቤት ሲደርሱም በሩ ላይ «ይቅደሙ እመቤት» አላት። ገብተው እስኪያማቸው ሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ፤ «እርስዎ» ግን አልቀረም። ተው አያስፈልግም አለችው። ማንም ሽማግሌ ማንኛዋንም ሴት አንቺ ይላል፣ ልጄ ይላል፤ ማን ይጠረጥራል? እሷስ አባባ ስትለው ማን ጠረጠረ?

«ሌላ ሰው ልጄ ቢልሽ ወግ ነው» አላት። «እኔ ያልኩሽ እንደሆነ ድምፄ ይናገርብኛል። ከያዝኩት አጥብቄ ልያዘው፤ ከለቀቅኩት ያመልጠኛል።»

እንደተናገረው አጥብቆ ያዘው። ቤት ውስጥም ያዘው፤ ለዚህም ጥፋተኛዋ እሷ ናት። መንገዱ ጸጥ ብሏል። የጸጥታው መጠን በቁጥር ተለክቶ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል፤ በዚህ ተሸልማበታለች። ያ ጸጥታ ግን የቤቷን ግድግዳ ወሰደባት። ማንኪያ ሲወድቅ ውጭ ይሰማል። መስኮቷ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ አለው ብላ በካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያከበበችው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አይለየውም። ጡረተኞች ይቀመጡበታል፤ ሕፃን የያዙ እናቶች ይቀመጡበታል፤ ጠባቂውም ከሥራ ሲወጣ እዚያው ነው ጫማውን አውልቆ የሚያርፈው።

እናም በገዛ ቤታቸው አከራይና ተከራይ ሆነው ተቀመጡ። መድኃኒቱን ስትሰጠው «አስቸገርኩዎት» ይላታል። የተቆረጠ እግሩን ቁስል ስትጠርግ እንደ እንግዳ ይሽኮረመማል። እሷም «አባዬ» ልትል ትጀምርና አፏ ላይ «አባባ» ይሆንባታል። አባባ ደግሞ የሁሉም ነው፤ ጠባቂውም፣ የታክሲው ሹፌርም፣ አላፊ አግዳሚውም አባባ ነው የሚለው። መስኮት ብትዘጋ በዚህ ሙቀት ለምን ዘጋች ይባላል፤ ብትከፍት ጆሮ ይገባል። ከሥራ ወደ ቤት መምጣት አስጠላት፤ ከቤት ወደ ሥራ መሄድም አስጠላት። መሃል ላይ ያለው ደግሞ አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ ራሷ የሠራችው፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግናት።

በስድስተኛው ወር ከሌላ ከተማ ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶች ነበሩ። የቢሮው ኃላፊ መርቷቸው ዳገቱን ወጡ፤ እሷ ካርታ ይዛ ታስረዳለች። አባቷ ደጃፉ ላይ በወንበሩ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር። ኃላፊው ሲያየው ደስ አለው፤ የይለፍ ወረቀቱ ለማን እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የት ይገኛል? ከእንግዶቹ አንዲት ማስታወሻ ደብተር የያዘች ሴት ጎንበስ ብላ ስለ መንገዱ ጠየቀችው። አመሰገነ። ስለ አከራዩ ጠየቀችው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላየሁም አለ።

«ቤተሰብ የለዎትም?» አለችው።

አባቷ ቆቡን አስተካከለ። ወደ ልጁ አላየም።

«አንዲት ልጅ ነበረችኝ» አለ።

ሴትየዋ «ነበረችኝ» የምትለዋን ሰምታ ደብተሯን ዘጋች። እግዜር ያጽናዎት አለችው። ኃላፊው ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ እግዜር ያጽናዎት አሉት። እሷ በመካከላቸው አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብትናገር አባቷ ይመለስላታል፤ የይለፍ ወረቀቱ ግን ይሄዳል፤ ሐሙስ ደግሞ እጥበት አለ። ሁሉም የእሷን ተራ የሚጠብቁ መሰላት።

«እግዜር ያጽናዎት» አለችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንበሩን ገፍታ አስገባችው። በሩን ዘጋች፤ ሙቀቱ ምንም ቢሆን መስኮቱንም ዘጋች፤ መጋረጃውን ሳበች። ወለሉ ላይ እግሩ ሥር ተቀመጠችና በሹክሹክታ ለምን ነበረችኝ አልክ አለችው። አለችኝ ያልኩ እንደሆነ የት ነው ያለችው ይሉኛል፣ ያኔ ወዴት ልጠቁም ብሎ መለሰላት። ልክ ነው። ማልቀስ አማራት፤ ግን ለቅሶም ይሰማል።

«አባዬ» አለች። «መስኮቱ ተዘግቷል። አንዴ ብቻ አንቺ በለኝ።»

አባቷ ፊቷን አየ። ፀጉሯን ሊዳስስ እጁን አነሣ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። እጁን ወደ ጭኑ መለሰው።

«ይታገሡኝ እመቤት» አላት። «ሰው ተቀምጧል።»