የሩቋ ዓለም ልክ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት የሚጮህ ስልክ አታነሳም። የባሏን መርዶ የሰማችው ጠዋት፣ በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቀትር በፊት ስልክ ከጠራ በጨርቅ ትጠቀልለውና የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ትከተዋለች።

"እማዬ፣ ክፉ ወሬ ሰዓት የሚጠብቅ መሰለሽ?" እያለች ልጇ ትስቅባት ነበር፤ ያኔ፣ ለመሳቅ ትንፋሽ ሲበቃት።

የልጅቷ ሥራ ሰማይ ነው። ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ የሚልከውን የከዋክብት ብርሃን ኮምፒውተር ላይ ስትመረምር ትውላለች። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ፣ የእኛን ፀሐይ የሚመስል ኮከብ፣ ሁለት ጊዜ ደብዘዝ ብሎ አየችው። በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ አሥራ አንድ ቀን አለ።

"የሚዞረው ነገር አለ" አለች ያን ሰሞን፣ እናቷ ስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ ብላ። "በፊቱ ስታልፍ ትጋርደዋለች። ከእኛ ምድር እጥፍ ብትሆን ነው። አየሯም ለብ ያለ ሳይሆን አይቀርም።"

"ትጋርደዋለች ስትዪ፣ ይጨልማል?"

"ኧረ የት! ይሄ ጨርቅ አሥር ሺህ ክር አለው እንበል። ሦስቱን ብመዝብሽ ታውቂያለሽ?"

"በምን አውቄ!"

"እኔ ግን አወቅሁ" አለች ልጅቷ፣ እየኮራች።

"ሰው ይኖርባታል?"

"ማን ያውቃል።"

"ባይኖርባት ይሻላል። እነሱም እንደኛ ሲጨነቁ ሊኖሩ!"

በእነሱ ሥራ ግን ሁለት ጊዜ ማየት አይቆጠርም፤ መሣሪያም ይሳሳታል። ሦስተኛው በቀኑ ካልመጣ ፕላኔት የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ታመመች። ልብስ ሰፊዋ የደንበኞቿን ልክ በምትጽፍበት ደብተር ላይ የልጇም ገጽ ነበረ። ወገብ ሰባ ሁለት ይላል፤ ከሥሩ ስልሳ ስድስት፤ ከሥሩ ሃምሳ ዘጠኝ። አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠበበችው። በመጨረሻ ሆስፒታል ገቡና ሐኪሙ እናቲቱን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ፣ የደሟ በሽታ ከዚህ በኋላ በመድኃኒት እንደማይመለስ ነገራት።

ፕላኔቷ ለሦስተኛ ጊዜ የምታልፍበት ቀን ሐሙስ ነበር፤ ወሬው እስከ እሁድ ይደርሳል ተባለ። ልጅቷ ማውራት ስለሚያደክማት ስልኳን ለእናቷ ሰጠች።

"አለቃዬ ሲደውሉ አንቺ ስሚልኝ። ምንም ይሁን ምን ንገሪኝ፣ እሺ? ሳላውቅ እንዳልሄድ።"

"የት ነው የምትሄጂው? አርፈሽ ተኚ!" አለች እናቲቱ፣ ተቆጥታ።

እሁድ ጠዋት ቤት ገብታ የልጇን የሌሊት ልብስ ስታጥብ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። ሳይቆይ የራሷም። የልጅቷ አለቃ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ እጇ አረፋ እንደያዘ ቆማ አየችው። አልመጣችም ሊሉኝ ነው፣ አለች በሆዷ፤ ደግ ወሬ እንዲህ አይጣደፍም። ሁለቱንም አጥፍታ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተቻቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከቀትር በኋላ ታወጣቸው ነበር። ያን ቀን ክዳኑን አልነካችውም።

ከሰዓት ሆስፒታል ስትደርስ ልጅቷ ትራሷን ደገፍ ብላ በር በሩን ታያለች።

"ደወሉ?"

"ደወሉ እንጂ! መጣች፣ የኔ እናት! በቀኗ መጣች!"

የልጅቷ ፊት ወገግ አለ። "ለማለፍ ስንት ሰዓት ፈጀባት?"

ልብስ ሰፊዋ ይሄን አላሰበችበትም። "ምን ትፈጃለች እቴ፣ ብልጭ ብላ ነው ያለፈችው አሉ። ሃያ ደቂቃም አልሞላት።"

"ሃያ ደቂቃ?"

"ቢበዛ ነው! ደግሞ ኮከቡን ግማሽ በግማሽ ጋረደችው አሉ። ሁሉም ጉድ ብሏል።"

 ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘችና መርፌ ያደነደነውን ጣቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

"እሺ እማዬ። ደስ ብሎኛል። ሁለቴ ማየቴም ይበቃኛል።"

ሁለቴ ያለችው ትኩሳቱ አዘባርቋት መሰላት ለእናቲቱ። ተደሰተችልኝ ብላ ያን ቀን እራትም በላች።

ማክሰኞ ልጅቷ አረፈች።

ከአሥር ቀን በኋላ አለቃዋ ከሚሠሩበት ከተማ መጡ። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ።

"ያጽናዎት፣ እናቴ። ትናንት ነው የሰማነው። ስልክዎ እኮ አልገባ አለኝ።" ወረቀቱን ዘረጉ። "ፕላኔቷ በቀኗ አልፋለች። ልጅዎ ያለችው አንድም አልተሳሳተም። ዓመቷ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ቀን። የጋረደችው ከአሥር ሺህ ሦስት። ለማለፍ የፈጀባት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።"

"ሃያ ደቂቃ አይደለም?"

"ሃያ ደቂቃማ ከሆነ እሷ አይደለችም። እንዲህ ርቃ የምትዞር ቀስ ብላ ነው የምታልፈው። ሃያ ደቂቃ ቢሏት ልጅዎ ትስቅ ነበር።"

"አልሳቀችም" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰውዬው አልገባቸውም።

"መቼ ነበር የደወሉት?"

"እሁድ ጠዋት። በሁለቱም ስልክ። ደጋግሜ።"

ልብስ ሰፊዋ ሸኝታቸው ተመለሰችና ደብተሩን አወጣች። ከሃምሳ ዘጠኝ ሥር፣ ሰውዬው እንዳሉት ሁሉንም በተራ ጻፈችው። ሰዓቱን ስትጽፍ አበላሸችው፤ ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍታ ስልኮቹን ከቁልፎቹ መሃል አነሳችና አበራቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና መጋረጃውን ሳትገልጥ፣ ስልኳ ጮኸ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

አንዲት ደንበኛ ነበረች፤ ቀሚሷ ደርሶላት እንደሆነ ልትጠይቅ።